ስለ መጠጥ ሱስ ምንነትና አመረማመር



በመንዝና በግሼ ደጋ፥ በመርሐ ቤቴም፥ ለሠርግ ለማኅበሩ ጠላ ይጠመቃል፤ ከእህልና ከጌሾ አረቄ ይወጣል፤ ሁለት ጊዜ የወጣው ዳግም አረቄም ኃይሉ ብርቱ ነው። ከመካከላችን በአረቄ ገቢ ደብተር የተገዛለት አይጠፋምና ለማውገዝ አልቆምንም። በበዓል አንድ መለኪያ የቀመሰውንም ሁሉ ሱሰኛ አንለውም። የቆምነው ሱስን ከስድብ ለይተን እንድናውቀው ነው። «ሰካራም» ብሎ ስም ማውጣት ቀላል ነው፤ ስሙ ግን በሽተኛውን አያድነውም።

ሱስ በመጠጡ ብዛት ብቻ አይለካም። ሐኪሙም ትንፋሽ አሽትቶ አይፈርድም፤ ሰውየውን በእርጋታ ይጠይቀዋል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም የጤና ድርጅት 11ኛ የበሽታዎች መዝገብ ሦስት ዋና ምልክቶችን ያስቀምጣል።

አንደኛ፥ ሰውየው መቼ እንደሚጀምር፥ ምን ያህል እንደሚጠጣና መቼ እንደሚያቆም መወሰን ያቅተዋል።

ሁለተኛ፥ መጠጡ ከእርሻው፥ ከጤናውና ከቤተ ሰቡ ይቀድምበታል፤ ጉዳቱን እያየም አይተወውም።

ሦስተኛ፥ ሰውነቱ ይለምደዋል። የቀድሞው መጠን አይበቃውም፤ ሲያጣው እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ያልበዋል፥ እንቅልፍ ይነሣዋል።

ከሦስቱ ሁለቱ፥ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ከታዩ፥ ሐኪሙ ሱስ ነው ይላል።

እንግዲህ በየመንደሩ የምንሰማውን እናስተውል። «እገሌ የፈለገውን ያህል ቢጠጣ አይሰክርም» ተብሎ የሚመሰገነው ሰው ምናልባት ሰውነቱ መጠጡን የለመደ ይሆናል። እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ጠዋት በማርከሻ የሚጀምረውም መድኃኒት አላገኘም፤ በሽታው እየጠራው ነው።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ፥ ሊቃዥ፥ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ «ከዛሬ ጀምሮ ተው!» ብሎ በር መዝጋት ፍቅር ቢመስልም አደጋ አለው። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይዘነው እንሂድ፤ በሐኪም ክትትል የሚተውበት መንገድ አለ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በሽታውን በስድብ የሸፈንንበት ጎረቤትም እንዲሁ ነው። እኛ ተማሪዎች ዛሬ ማታ ወደየቤታችን ስንገባ እነዚህን ሦስት ምልክቶች ለቤተ ሰቦቻችን እንንገር።