ሁዳዴና የስኳር በሽታ



እዚህ አፐር አርሊንግተን የሚያክመን ሐኪም ሁዳዴን ላያውቅ ይችላል። 55 ቀን ስንጾም በአገራችን አቆጣጠር እስከ 9 ሰዓት እህል ሳንቀምስ እንደምንውል ካልነገርነው፣ ኢንሱሊኑን የሚያዘው ቁርስ እንደበላን ቆጥሮ ነው። መርፌውን ተወግተን ሆዳችን ባዶ ከዋለ ስኳራችን ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ላብና መንቀጥቀጥ፣ ሲብስም ራስን መሳት ይመጣል። ያን ጊዜ ሰዓት ሳንጠብቅ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ እንጠጣ። ቤተ ክርስቲያናችን ሕመምተኛን አታስገድድም፤ የንስሐ አባታችንን እንጠይቅ። መርፌውን በራሳችን ፈቃድ መተውም ሌላ አደጋ ነው። ማታ ደግሞ «የጾም ነው» እያልን እንጀራውን በሽሮ እንደራርባለን! ስኳሩን የሚያወጣው እንጀራው ነውና እሱን ቀነስ፣ ጎመኑን ጨመር እናድርግ። ሐኪሙን ግን ጾሙ ሳይገባ እናነጋግር።