አሮጌዋን መኪና እናሳድሳት ወይስ እንፍታት?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት የእድራችን ኮሚቴ ከመካከላችን ሦስት ሰዎች መርጦ «የእናታችንን መኪና አይታችሁ ትታደስ ወይስ ትፈታ እንደ ሆነ ምክር ስጡ» ብሎ ልኮን ነበር። ያየነውን በጊዜው ለኮሚቴው አስረድተናል። ከዚያ ወዲህ ግን «የኔንም ኑና እዩልኝ» የሚለን ሰው በረከተ። ለካስ በየግቢው ሸራ ለብሳ የቆመች መኪና ብዙ ናት! ስለዚህ ነገሩን አንድ ጊዜ ለሁሉም ብንናገረው ይሻላል ተባለና እነሆ ቀርበናል።

መኪናዪቱን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ከአብዮቱ በፊት የተገዛችው ቮልስዋገን ናት። ባለቤቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰው የሞተ ሌሊት በ11 ሰዓት ተነሥተው ጥሩምባ ነፊያችንን አሳፍረው ሰፈሩን ያዞሩ ነበር። የድንኳኑ ሸራ ፖርቶ መጋላው ላይ፣ የእድሩ ድስትና ጭልፋ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ወጥ የሚሠሩት እናቶቻችን ከፊት። ለቤንዚን አንድ ቀን ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። እሳቸው ካረፉ በኋላ መኪናዪቱ ከግቢው አልወጣችም፤ ሁለት ክረምት እላይዋ ላይ አለፈ።

አሜሪካ ያለው ወንድ ልጃቸው «የአባቴ ማስታወሻ ናት፣ ማንም እንዳይነካት» ይላል። እዚህ ያለችው ሴት ልጃቸው «ማስታወሻ ከሆነች ትሠራና ልጆቼን ትምህርት ቤት ላድርስባት» ትላለች። ደላላው ደግሞ በየሳምንቱ በር ያንኳኳል። እናታችን በመሐል ቤት እንቅልፍ አጡ። ከኛም መካከል «እድሩን ያገለገለች መኪና ናት፣ በእድሩ ገንዘብ ትታደስ» ያሉ አባላት ነበሩ፤ ወደዚህ ኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ቮልስ ጥቂት እንበል። ጀርመኖች በአገራቸው መሥራቷን የተዉት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የመጨረሻዪቱ በሜክሲኮ አገር፣ ፑዌብላ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ከፋብሪካ ወጣች። በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በኛ ዕድሜ ያለ ሰውማ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን ሳያስታውስ አይቀርም። ይህን ሁሉ ለወሬ አይደለም የምንለው፤ ብዙ የተሠራች መኪና መለዋወጫዋ ቶሎ አይጠፋም፣ የሚያውቃት መካኒክም ይገኛል። አንዳንዱ መኪና ግን ባለቤቱ ቢወደውም ዕቃው ከየትም አይመጣም፤ እዚያ ላይ ምክር መጠየቅም አያስፈልግ።

ወደ ግቢው ስንሄድ እዚሁ ሰፈር ያደገ መካኒክ ልጃችንን ይዘን ነበር። እኛ እንደ ማንኛውም ሰው ሞተሩ ተነሥቶ ድምፁ እንዲሰማ ጠበቅን። ልጁ ሞተሩን ዘወር ብሎም አላየው። ምንጣፉን ገለጠ፣ የኋላ ወንበሩን አነሣ፤ በቮልስ ባትሪው ያለው እዚያ ሥር ነው። የባትሪ አሲድ እየፈሰሰ ወለሉን ይበላል። ካቻቢቴ አውጥቶ ወለሉን ወጋ ወጋ ሲያደርገው በባትሪው በኩል ቀዳዳው መሬቱን አሳየን። እናታችን «አለቀላት» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ልጁ ግን «እማማ፣ ይሄ ይቀየራል፤ የምፈራው ሌላ ነው» አላቸው።

የፈራው ከበሮቹ ሥር ያለውን ባዶ ብረት ነበር። በዚያ ውስጥ የሞተሩ ሙቀት ወደ ፊት ይተላለፋል፣ ቦዲውም የተቀመጠው በሱ ላይ ነው። ክሪክ አግብቶ ጎኗን ብድግ አደረገና በሩን ክፈቱ ዝጉ አለን። ያ ብረት የበሰበሰ እንደ ሆነ መኪናዪቱ ትጎብጥና በሩ አልገጥም ይላል። በሩ ቀጥ ብሎ ገጠመ። ቀጥሎ ከፊት ገብቶ በጀርባው ተኛና የፊት እግሯ የሚታሰርበትን የሻንሲውን ጫፍ መታ መታ አደረገ፤ ድምፁ ደህና ነበር። የፊቱና የኋላው የጎማ መከለያ በብሎን የሚታሰር ስለ ሆነ የተጨማደደውን አውጥቶ ሌላ ማሰር ነው፣ የባቲላሜራ ገንዘብ ብዙም አይበላም።

ሞተሩን ያየው መጨረሻ ላይ ነው። የፊቱን ፑሌጃ በእጁ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያደርገው ይንቋቋል። ዘይት ትበላ እንደ ነበር እናታችንም መሰከሩ። ልጁ እንዳስረዳን በቀድሞዎቹ ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው የነፋሱን መንገድ ስለሚጋርድ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፣ ብዙ ጊዜም ቀድሞ የሚያልቀው የሱ ቫልቭ ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ የተያዘው በአራት ብሎን ነው፤ ወርዶ ይታደሳል፣ ካልሆነም በሌላ ይተካል። ራዲያተር የላት፣ ውኃ የላት! እኛ እንደ ተረዳነው የሰው ልብ የሚያርፈው ሞተሩ ላይ ነው፣ የመኪናዋ ዕድሜ ግን ያለው ከምንጣፉ ሥር ነው።

በዚያው ሰሞን የአንድ አባላችንን ላዳ አየን። ታክሲ ሆና ልጆች አስተምራለች። ሞተሯ በአንድ ቁልፍ ይነሣል፤ ሰውየው ደስ ብሎት ጋዝ እየሰጠ አሰማን። ነገር ግን ላዳ ለብቻው ሻንሲ የላትም፣ ቦዲው ራሱ ነው ሁሉን የሚሸከመው። የፊት ሞላው የሚደገፍበት ላሜራ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ፤ ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ተበይዶበትም ነበር። ልጃችን በዚህች ላይ ሰው እንዲጫን አልፈርድም አለ። ትፈታ ብለን መከርን። ሞተሩና ካምቢዮው ለብቻ፣ በሮቹና መብራቶቹ ለብቻ ተሸጡ፣ የቀረው ብረት በኪሎ ሄደ። ባለቤቱ መሪውን አስቀርቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ሄዶ ማየት ይቻላል።

አሁን ስለ ሒሳቡ። እኛ ዕድሜያችንን መዝገብ ቤት በጽሕፈት ሥራ ያሳለፍን ስለ ሆንን ወረቀት ካልተጻፈበት ነገር አይገባንም። ሦስት ጋራዥ ጠየቅን፤ የትልቁ ዋጋ የትንሹ እጥፍ ነበር። የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍልን ስንል አንደኛው ጋራዥ ተቆጥቶ ተወን፣ እኛም ተውነው። ከወረቀቱ በአንድ ወገን ማደሻውን፣ የዓመቱን ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ዘይትና ጎማ ጻፍን። በሌላው ወገን ልጅቱ በዓመት ለትራንስፖርት የምታወጣውን ጻፍን። «ሌላ መኪና ብንገዛስ» የሚለውን ብዙም አላየነውም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ተወደደ። ያ ሁሉ ተደምሮ መኪናዪቱ ሦስት ዓመት በደንብ ከሠራች ወጪዋን ትመልሳለች፣ ከዚያ በታች ከሆነ አትመልስም።

ታዲያ ልጁ በስልክ «የወንበሩ ቆዳ እንደ ዱሮው ይሁን፣ ቀለሙም ያው የአባቴ ቀለም ይሁን፣ ሬድዮኑም ይሠራ» አለን። ይህ የመጓጓዣ ወጪ አይደለም፣ የፍቅር ወጪ ነው። በፍቅር ላይ ክፋት የለንም፤ ከፍሬንና ከጎማ ጋር አንድ መስመር ላይ ሲጻፍ ነው ሒሳቡን የሚያበላሸው። ለብቻው ጻፍነውና አነበብንለት። ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ «እሱን እኔ እከፍላለሁ፣ እናቴን አትጠይቋት» አለ። ቀለሙም መጨረሻ ላይ እንዲሆን ተስማማ። አብዛኛው ሰው መኪና ሲያሳድስ የሚጀምረው ከቀለም ነው፤ ጎረቤት የሚያየው እሱን ነዋ!

ከሁሉ በፊት እንዲሠራ ያልነው ወለሉ፣ ፍሬኑና የቤንዚን ጎማው ነው። በቀድሞዎቹ ቮልሶች የፍሬን ዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ስለ ሆነ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም እግር ፍሬን ያጣል። የቤንዚኑ ጎማ ደግሞ ሞተሩ አጠገብ ነው የሚያልፈው፤ ደርቆ ሲሰነጠቅ እሳት ያስነሣል። ብዙ ቮልስ በዚህ ተቃጥሏል።

አንድ ነገር ሰው አያስበውም፤ እሱም ሊብሬው ነው። ሊብሬው እስካሁን በሟች ስም ነበር። ደላላው «ግድ የለም፣ በውክልና እንጨርሰዋለን» ይላል። ይሄን እንዳትሰሙ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ነው፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። መኪናዋ በር ላይ ከወጣች በኋላ ሰው ብትገጭ የሚጠራው በሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው፣ እሳቸው ከሌሉም ጣጣው ወደ ወራሾቹ ይዞራል። ስለዚህ አስቀድሞ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይውጣ፣ ስሙ ይዛወር። ትፈታ ቢባልም ያው ነው፤ ሰሌዳው ተመልሶ ፋይሉ ካልተዘጋ መኪናዋ ወረቀት ላይ በሕይወት አለች።

ስለ እድሩ ገንዘብ ጥያቄ ደግሞ እኛ አይሆንም ብለናል። የተቆጣን አባል አለ፣ እናውቃለን። የእድራችን ደንብ ገንዘቡ ለቀብርና ለሐዘንተኛ ነው ይላል። ዛሬ የእናታችንን መኪና ካሳደስንበት፣ መኪና የሌላት ሌላዪቱ እናታችን ነገ ጣሪያዬ ያፈሳል ብትለን ምን ልንመልስላት ነው? መርዳት የፈለገ ግን ከኪሱ መርዳት ይችላል ብለን መዝገብ ከፈትን፤ ከተቆጡት መካከል ሁለቱ ቀድመው ፈረሙ።

የወራሽነቱ ማስረጃ ወጥቷል። ወለሉ ተቀይሯል፣ ፍሬኑም ተሠርቷል፣ ሞተሩ ወርዶ ጋራዥ ውስጥ ተፈቷል። እናታችን ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፖርቶ መጋላው እንዳይጣል። ልጅቱም ሸራ የሚጫንበት ሌሊት ቁልፉን ከሷ መውሰድ እንደሚቻል ለኮሚቴው ነግራለች። ጥያቄ ያላችሁ መካኒኩ ልጃችን ከኋላ ተቀምጧል፣ ከሻይ በኋላ ልታናግሩት ትችላላችሁ።