አሮጌ የውሃ ሞተር ስለ ማደስ
(በመርሳ ለመስኖ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)

የሀብሩ ገበሬዎች ሆይ! እኛ ሞተር ጠጋኞች ነን። ዛሬ የምናወራችሁ አሮጌ የውሃ ሞተር በጥቂት ገንዘብ ስለ ማደስ ነው።

ሽንኩርቱ ራስ በሚይዝበት ሰሞን ሞተር ከቆመ የከረመው ድካም ገደል ገባ። ታዲያ 4 ወይም 5 ሆናችሁ ያዋጣችሁትን ብር በምን ላይ ታውሉታላችሁ? አንዳንዱ አስቀድሞ ቀለም ያስቀባል። ቀለም እኮ ውሃ አይስብም!

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ሲጨምቀው አየሩ ይግላል። ናፍጣው የሚነደው በዚያ ግለት ነው። አየሩ ካመለጠ እሳት የለም፤ ጉልበትም የለም። አየሩ እንዳያመልጥ የሚይዙት በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች ናቸው። እኛ ፋሻ እንላቸዋለን። ፋሻ ሲያልቅ ሞተሩ ጧት ጧት አልነሳም ይላል፤ ዘይት ይጠጣል፤ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል። ማስተንፈሻውን ሳትከፍቱ ማስነሻውን በእጅ ስታዞሩት ምንም ካልከበዳችሁ፣ ወይ ፋሻው ወይ ቫልቩ አልቋል።

እንግዲህ ገንዘባችሁ አስቀድሞ እዚህ ላይ ይዋል። ግን ሲሊንደሩ ሳይለካ አዲስ ፋሻ አታስገቡ። ሲሊንደሩ ከተበላ አዲሱም ፋሻ አየር አይዝም። መርሳ ላይ የሚለካ ከጠፋ ወልድያ ውሰዱት። 30 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይሻላል።

ፋሻውን የሚበላው ማነው? የቆላው አቧራ ነው። አቧራ ከዘይት ጋር ሲለወስ ብረቱን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። አንዳንድ ሰው ግን «አየር ይግባለት» ብሎ የአየር ማጣሪያውን አውልቆ ይጥላል። ይህ ሞተሩን በገዛ እጅ መቅበር ነው! ማጣሪያው ዘይት የሚያዝበት ዓይነት ከሆነ የቆሸሸውን ዘይት ድፉ፤ ዕቃውን በናፍጣ እጠቡ፤ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ድረስ ጨምሩበት።