በአውቶቡስ ውስጥ ያሳለፍናቸው የበረዶ ወራት

(በወዳጆች ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ስለ አውቶቡሳችን ስትጽፉልን ሁለት ጥያቄ ታቀርባላችሁ። አንደኛው «በዚያ ብርድ እንዴት ኖራችሁ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በትሕትና ብትጠይቁትም፣ «ሥራው ለምን ያን ያህል ዘገየ?» የሚል ነው። ዛሬ ለሁለቱም መልስ ልንሰጥ እንወዳለን። መልሱም አንድ ነው፤ በብርዱ ውስጥ ለመኖር የቻልነው ሥራውን ስላዘገየነው ነው። ከእናንተ መካከል ለዚህ ሥራ የሰጣችሁ ስላላችሁ፣ ስጦታችሁ የት እንደ ገባ፣ በተለይም በፎቶግራፍ የማይታየው ክፍል ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባችኋል።

በመጀመሪያ ነገሩን ለማያውቁት ጥቂት እንበል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። እኛ ባልና ሚስት ከአራት ዓመት ልጃችን ጋር በአሜሪካ በደቡብ ሚኒሶታ፣ በሥጋ ፋብሪካዎች ተቀጥረው ከሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተ ሰቦች መካከል እናገለግላለን። ቤተ ሰቦቹ በተለያዩ ከተሞች ስለሚኖሩ፣ እኛም ጥቂት ሳምንት በአንዱ፣ ጥቂት ሳምንት በሌላው መቆየት ነበረብን። በየከተማው ቤት መከራየት ከአቅማችን በላይ ሆነ። ስለዚህ በሐምሌ ወር 2022 ከአገልግሎት የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ገዛን፤ ቤትም መጓጓዣም እንዲሆነን አስበን ነው።

የአሜሪካ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቢጫ መሆኑን ታውቃላችሁ። ይህ ቀለም የተወሰነው በ1939 በኒው ዮርክ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ፣ ፍራንክ ሳይር የተባሉ ምሁር በጠሩት ጉባኤ ላይ ነው። ሲነጋና ሲመሽ ከሩቅ እንዲታይ ተመረጠ። ይሁን እንጂ አውቶቡሱ ልጆችን ማመላለሱን ሲያቆም፣ በብዙ ግዛቶች ሕግ ቢጫውን እንደ ያዘ በመንገድ መሄድ አይፈቀድለትም። ቀለም ደግሞ በብርድ በደንብ አይደርቅም። ስለዚህ ውስጡን ሳንነካ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ በውጩ ላይ ስንሠራ ቆየን። ወንበሮቹን አውጥተን ወደ ውስጥ ስንገባ፣ ርዝመቱ አሥር ሜትር፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ከሠላሳ የሆነ ባዶ የብረት ዋሻ ጠበቀን። በረዶው ሊመጣ የቀረው ሁለት ወር እንኳ አልነበረም።

በደጋ አገር በቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው የአውቶቡስን ጠባይ ቶሎ ይረዳል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ይግላል፤ ሌሊት ግን ውጭ እንዳለው አየር ይቀዘቅዛል። ኮርኒስ ከሌለውም፣ ዝናብ ሳይዘንብ ወደ ንጋት ላይ ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል። ይህ ውሃ ከሰማይ የመጣ አይደለም፤ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ነው። የጭቃና የሣር ቤት እንዲህ አያደርግም፤ ምክንያቱም ሣሩ በመካከሉ አየር ይይዛል፣ ግድግዳውም ርጥበቱን ይጠጣል። ብረት ግን አይጠጣም።

አንድ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በቀን አንድ ሊትር ያህል ውሃ ያወጣል። እኛ ሦስት ነን። በዚህ ላይ የወጡና የሻዩ እንፋሎት ይጨመራል። የምናበስልበት ፕሮፔን ጋዝም ራሱ ሲነድ ውሃ ያወጣል፤ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል ከአንድ ኪሎ ተኩል የሚበልጥ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ይህ ሁሉ ውሃ ቀዝቃዛ ብረት ፈልጎ ያርፍበታል። ከግድግዳው ልባጥ በስተ ኋላ ካረፈ ማንም አያየውም፤ ብረቱን በዝገት፣ እንጨቱን በሻጋታ ይበላዋል። በሻጋታ አየር የሚተነፍስ ሕፃን ደግሞ በሳል ይሠቃያል።

አውቶቡሱን በግቢያቸው እንድናቆም የፈቀዱልን አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ስለምንገዛው ማሞቂያ በደስታ ስንነግራቸው፣ «ማሞቂያውን በኋላ አየዋለሁ፤ መጀመሪያ ውሃው በየት እንደሚወጣ አሳዩኝ» አሉን። ይህ ቃል የሥራችን መመሪያ ሆነ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። እኛም ከመለበጥ መድፈን ይቅደም አልን። የሥራው ተራ እንዲህ ነበር።

በመጀመሪያ፣ የውስጡን የቆርቆሮ ልባጥ ነቅለን በስተ ኋላው የነበረውን አሮጌ ፋይበርግላስ አወጣን። ርጥብ ነበር። ዝገቱን ፍቀን አንቲሩጅን ቀባን፤ በብሎኖቹና በመስኮቶቹ ዙሪያ የሚያፈሰውን ሁሉ ደፈንን። ከዚያም በውሃ እየረጨን ሦስት ጊዜ ፈተንነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ከመስኮቶቹ ግማሽ የሚያህሉትን በላሜራ ዘጋን። የአውቶቡስ መስኮት አንድ ንብርብር መስታወት ብቻ ስለ ሆነ ሙቀት አይይዝም። የቀሩትን በውስጥ በኩል በሁለተኛ ንጹሕ ፕላስቲክ ሸፈንናቸው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ወለሉን፣ ግድግዳውንና ጣሪያውን አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጠንካራ ፎም አለበስነው። እዚህ ላይ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ብረት ከፎም ይልቅ ከሺህ እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። ስለዚህ በአውቶቡሱ የብረት አጥንቶች መካከል ያለውን ክፍት ብቻ መሙላት አይበቃም፤ የአጥንቶቹም ፊት መሸፈን አለበት። አለዚያ እያንዳንዱ አጥንት ሙቀቱ የሚሾልክበት፣ ውሃውም የሚንጠባጠብበት ቦታ ይሆናል።

በአራተኛ ደረጃ፣ ይህን ሁሉ ከደፈንን በኋላ ጣሪያውን ቀደን ማራገቢያ አስገባን። የጎበኙን ሰዎች በዚህ ይገረሙ ነበር። ነገር ግን ሳይታወቅ የተከፈተ ሽንቁርና ሰው ዐውቆ የሚከፍተው መተንፈሻ አንድ አይደሉም። በበረዶ ወራት የውጩ አየር የሚይዘው እንፋሎት እጅግ ጥቂት ነው። ጥቂት ጥቂት እያስገቡ ካሞቁት፣ የቤቱን ርጥበት ይዞ ይወጣል። ትንሽ ሙቀት እናጣለን፤ ቤቱ ግን ደረቅ ይሆናል። ደረቅ ቤት ደግሞ በጥቂት እሳት ይሞቃል።

በመጨረሻም በኅዳር ወር ናፍጣ የሚያነድ ማሞቂያ አስገባን። አየር የሚወስደውም ጭስ የሚያወጣውም በወለሉ ሥር በውጭ በኩል ስለ ሆነ፣ ከምንተነፍሰው አየር ጋር አይገናኝም። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተን መኖር ጀመርን። ቁም ሣጥን የለም፤ አልጋ የለም፤ ግድግዳውም በኮምፔንሳቶ የተሸፈነ ነው። ኮምፔንሳቶውንም በሙጫ ሳይሆን በብሎን ብቻ አሰርነው፤ በየሁለት ሳምንቱ አንዱን ፈትተን ከኋላው ርጥበት እንዳለ እናይ ነበር። ፎቶግራፍ እንድንልክላችሁ በጠየቃችሁ ጊዜ የደረሳችሁ ይህ ያላማረ ግድግዳ ነው። ዋጋው ከኋላው እንደ ነበረ አሁን ተረድታችኋል።

አኗኗራችንም በግማሽ አውቶቡስ ነበር። መካከሉን በወፍራም ብርድ ልብስ ጋርደን፣ ከፊት ያለውን ግማሽ እናሞቃለን፤ የኋላው የሥራ ቦታ ነው። እንጨት የምንቆርጠው በውጭ ነው፤ አቧራው ለልጁ አይበጅምና። ቫርኒሽና ሽታ ያለው ሙጫ እስከ ሚያዝያ ድረስ አልነካንም። ተዘግቶ በሚኖርበት ቤት ውስጥ የቫርኒሽ ሽታ የሚሄድበት የለውም። እንግዲህ ሥራው ዘገየ ስትሉ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በታኅሣሥ 2022 ከገና በፊት ባሉት ቀኖች ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አልፎ ወረደ፤ ነፋሱም ከባድ ነበር። ውሃ ሲረጋ መጠኑ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ስለሚጨምር ቱቦን ይሰነጥቃል። እኛ ግን ገና ቱቦ አልዘረጋንም ነበር፤ ውሃችን በጀሪካን ነበርና ጀሪካኑን ከማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥነው። የባትሪዎቹም ነገር እንዲሁ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሳለ ኃይል ቢሞላ ይጎዳል፤ ስለዚህ ከውጭ ሳይሆን በውስጥ አኖርነው። ፀሐይም በዚያ ወር የምትታየው ዘጠኝ ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሆነች፣ ከጣሪያው ላይ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ለመብራት፣ ለማራገቢያውና ለማሞቂያው ብቻ ነበር። ለኤሌክትሪክ ምጣድ አይበቃም፤ እንጀራ ከወዳጆች ቤት ይመጣልን ነበር። የጋዝ ሲሊንደር ስትመርጡም ይህን ዕወቁ፤ ቡታን ጋዝ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከፈሳሽነቱ መነሣት ያቆማል፤ ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ይሠራል።

አሁን በጥብቅ ልንነግራችሁ ወደምንፈልገው ነገር እንምጣ። በእነዚያ ቀኖች አንዲት እናት ሊጠይቁን መጡ። ልጃቸው በፋብሪካ የሚሠራ ነው። ከበሩ ላይ ቆመው ዙሪያውን ካዩ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ይህ መኪና እንጂ ቤት ነው? ሕፃኑን ብርድ ይመታዋል! ከቤት ማንደጃና ከሰል ላምጣላችሁ፤ ቡናም ይፈላበታል» አሉን። ፍቅራቸው ገባን። ሆኖም «እማማ፣ ቡናውን በጋዝ እናፍላ፤ ከሰል ግን እዚህ አይገባም» አልናቸው። ቅር እንዳይላቸው አስቀምጠን አስረዳናቸው። እርሳቸውም ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ በአገር ቤት በጠባብ ክፍል ከሰል አንድደው ተኝተው ያልነቁ ጎረቤቶች እንደ ነበሯቸው ነገሩን። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ነገር ያልሰማ ማን አለ? የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አየር ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን በእንቅልፉ ይወስደዋል። ልጆች ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድመው ይጎዳሉ።

ለዚህም ሁለት የማስጠንቀቂያ ደወል ሰቅለን ነበር፤ አንዱን ከመኝታችን፣ ሁለተኛውን ከማሞቂያው አጠገብ። በየካቲት 2023 ታላቁ የበረዶ ማዕበል በመጣ ጊዜ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። ሁለቱንም በሮች ከፍተን፣ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወጣን። በረዶው እስከ ጉልበት ደርሶ ነበር። ሽማግሌው ቤታቸውን ከፈቱልን፤ እሳት አደጋ ተከላካዮችም መጥተው አየሩን ለኩ። ነፋሱ በረዶውን ገፍቶ በአውቶቡሱ ሥር ከምሮት፣ የማሞቂያውን ጭስ ማውጫ ቀብሮታል። መውጫ ያጣው ጭስም ከወለሉ ሥር ታምቆ፣ በበሩ ደረጃ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ገብቷል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማናችንም አልተጎዳንም። በማግስቱ ማውጫውን አርዝመን ነፋስ ወደማይመታው ጎን አዞርነው፤ ስንጥቁንም ደፈንን። ከዚያ ወዲህ በረዶ በሚወርድበት ማታ ሁሉ ከመተኛታችን በፊት በአካፋ ዙሪያውን እንጠርጋለን። በጣም በከፋው ሌሊት ደግሞ አውቶቡሱን ትተን በሽማግሌው ቤት እናድራለን። ቤትን መውደድ መልካም ነው፤ ወጥቶ ማደርን ማወቅ ግን ከዚያ ይበልጣል።

በሚያዝያ በረዶው ቀለጠ። ኮምፔንሳቶውን ሁሉ ፈትተን ስንመረምር ፎሙም እንጨቱም ደረቅ ነበር። ያን ጊዜ ነው ቱቦ የዘረጋነው፤ ቁም ሣጥኑን፣ አልጋውን፣ የልጁን መደርደሪያ የሠራነው፤ ቫርኒሹንም በሮቹን ሁሉ ከፍተን የቀባነው። አሁን የምታዩት መልክ በስድስት ሳምንት ተሠራ፤ የማይታየው ግን ብዙ ወራት ወሰደ።

ወዳጆች ሆይ፣ አንዳንዶቻችሁ እንዲህ ያለ ቤት ለመሥራት እንደምታስቡ ነግራችሁናል፤ የኪራዩ ነገር በብዙዎች ላይ ከብዷልና። ምክራችን አጭር ነው። ብርዱ ሳይገባ ድፈኑ፤ ከደፈናችሁ በኋላ መተንፈሻ ክፈቱ፤ ማሞቂያውን በመጨረሻ ግዙ። ደወል ሳትሰቅሉ አንዲት ሌሊት እንኳ አትተኙ። ከሰል፣ ጭሱ ወደ ውጭ የማይወጣ ምድጃም ሆነ ጀኔሬተር ወደ ውስጥ አታስገቡ። ብቻችሁን በምድረ በዳ አትቁሙ፤ በሌሊት የምታንኳኩት በር ይኑራችሁ።

 ወደፊት ሌሎች ሠራተኞች ስለ ሥራቸው ሲጽፉላችሁ፣ ያማረውን ክፍል ብቻ እንዲያሳዩአችሁ አትጠብቁ። ከልባጡ በስተ ኋላ ምን እንዳለም ጠይቋቸው፤ ደረቅ ከሆነ ቀሪው ጊዜውን ጠብቆ ይደርሳል።