ፉገራው በማን ወጪ ነው?

በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



የመድረኩ መሪ «አጠር አድርገህ፣ ሰውንም ፈገግ አድርገህ» ብሎኛል። እኔ የማስታወቂያ ሰው ስለሆንኩ ሁለቱን በአንድ ላይ የሚፈልግ ደንበኛ አዲስ አይሆንብኝም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቀልድ ላውራ። ድርጅቶች ደንበኞቻቸውን ለማሳቅ ብለው ሲያሞኙ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

በፈረንጆቹ አፕሪል 1፣ በእኛ መጋቢት 23፣ ሁላችንም በተማሪነታችን የተሸወድንበት ወይም የሸወድንበት «አፕሪል ዘ ፉል» ነው። ታላላቅ ኩባንያዎች ቀኑን የማስታወቂያ ቀን ካደረጉት ቆይተዋል።

ታኮ ቤል የተባለውን የአሜሪካ ምግብ ቤት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒውዮርክ ታይምስን ጨምሮ በታላላቅ ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ። የአገሪቱን ዕዳ ለማቃለል ሲል በፊላደልፊያ የሚገኘውን ታሪካዊ የነጻነት ደወል እንደገዛና ስሙም «ታኮ ሊበርቲ ቤል» እንደሚባል ገለጸ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተቆጥተው ስልክ ደወሉ። ኩባንያው ግን ቀኑ ሳይመሽ፣ እኩለ ቀን ላይ ቀልድ መሆኑን ተናገረ፤ ለደወሉ እንክብካቤም 50,000 ዶላር ሰጠ። የዋይት ሀውስ ቃል አቀባይ ማይክ ማካሪ ሳይቀሩ የሊንከን መታሰቢያም ተሸጧል፣ ከእንግዲህ በፎርድ መኪናዎች ስም ይጠራል ብለው ቀለዱ።

ከ2 ዓመት በኋላ በርገር ኪንግ በዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጣ ላይ «ለግራኞች የተሠራ በርገር» አስተዋወቀ። በውስጡ ያለው ሁሉ 180 ዲግሪ ዞሯል ተባለ። ብዙ ሰው ሄዶ አዘዘ፤ «የእኔ የቀኝ ይሁንልኝ» ያለም ነበር። ይኼ እንግዲህ እንደ ቅኔ ነው። ሰሙ በርገር፣ ወርቁ ደግሞ «ክብ ነገር ግራና ቀኝ የለውም» ነው። የተሞኘው ሰው ሲገባው በራሱ ይስቃል፤ ከኪሱ የወጣ ነገር የለም፣ በርገሩንም በልቷል።

እኔ ከሁሉ የምወደው የቢኤምደብሊውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015፣ በዚያው በአፕሪል 1 ቀን፣ ኒውዚላንድ ውስጥ በጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ «ይህን ኩፖንና አሮጌ መኪናውን ይዞ ቀድሞ ለመጣ ሰው አዲስ ቢኤምደብሊው እንሰጣለን» አለ። አንባቢው ሁሉ «አልሸወድም» ብሎ ገጹን ገለጠ። አንዲት ሴት ግን በማለዳ አሮጌ ኒሳኗን እየነዳች ሄደች፤ በአዲስ መኪና ተመለሰች። የተሸወደው ያላመነው ሰው ሆነ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የተበላሸውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2021 የቮልስዋገን የአሜሪካ ቅርንጫፍ ስሙን «ቮልትስዋገን» ብሎ ሊቀይር ነው ተባለ። አፕሪል 1 ገና አልደረሰም። ጋዜጠኞች «ቀልድ ነው?» ብለው በቀጥታ ጠየቁ፤ «አይደለም፣ እውነት ነው» ተባሉ። ዜናው ተሰራጨ፣ የአክሲዮኑም ዋጋ ጨመረ። ከዚያ ቀልድ ነበር አሉ። ይህ ኩባንያ በ2015 በናፍጣ መኪኖቹ የጭስ ምርመራ ላይ ማጭበርበሩን ያመነ ነው። ስለዚህ የሳቀ ጥቂት ነው። ታኮ ቤል ለቀልዱ ከራሱ ኪስ ከፈለ፤ ቮልስዋገን ግን ያመኑትን ጋዜጠኞችና አንባቢዎቻቸውን አስከፈለ።

ወደ ቤታችን ልምጣ። በቅርቡ አንድ ደንበኛ ለተጠቃሚዎቹ በሙሉ «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል የስልክ መልእክት ጠዋት ልከን ማታ «አፕሪል ዘ ፉል» እንድንላቸው ጠየቀን። ቢሮው ሳቀ። እኔ መልእክቱ የሚደርሰውን ሰው አሰብኩ። የቤት ኪራይ የደረሰባት እናት አለች። ከሥራ አስፈቅዶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ የሚመጣ አባት አለ። ማታ እጃቸው ላይ የሚቀረው የታክሲ ወጪና ኀፍረት ነው። አጭበርባሪው በሐሰት ሽልማት ስንቱን በሚያስለቅስበት ዘመን፣ እኛ የእሱን ቋንቋ ተውሰን ልንቀልድ? «እንግዲያው ለጥቂቶቹ እውነተኛ ሽልማት ይኑር» አልን። «በጀት የለንም» አሉ። ሥራውን ሳንወስድ ቀረን፤ ገንዘቡ ግን ያስፈልገን ነበር።

ሕጉም አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ግን ሕጉ ባይኖርስ? አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። በእኛ ሙያ ግን እውነቱ እስኪያድር መጠበቅ የለበትም፤ እኩለ ቀን ይበቃል።

መምህራኖቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ለተማሪዎቻችሁ የፈጠራ ሥራ ስትሰጡ፣ ከሐሳቡ ጎን የሒሳብ ገጽ እንዲያቀርቡ አድርጉ፦ ያመነው ሰው ምን ያጣል? ምን ይዞ ይመለሳል? እውነቱ በስንት ሰዓት ይነገረዋል? ይህን መመለስ የቻለ ተማሪ ይቀልድ፣ ያስቀን። ተመርቆ ሲወጣ ደግሞ ወደ እኛ ቢሮ ላኩልን።