ጥማቱ አንድ ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከፍኖተ ሰላም በስተሰሜን፥ በሰከላ፥ የዓባይ መነሻ ግሽ ዓባይ ይገኛል። ዛሬ ክርስቲያኑ በጠበሉ ሊፈወስ ይሄዳል። በ1763 ዓ.ም. ከዚያ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ግን፥ የአገሩ አገው በየዓመቱ ጥቁር ጊደር እየሠዋ፥ በወንዙ ያደረውን መንፈስ «አባት» ብሎ ይለምን እንደ ነበር ጽፏል። ለፍጡር መሠዋት ስሕተት ነው፤ አባትን መናፈቅ ግን ከፈጣሪ የተሰጠ ነው። እኛ ዕለት ዕለት «አባታችን ሆይ» ብለን የምንጠራውን እነርሱ ሳያውቁት ፈልገውታል።

ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና ለማይታወቅ አምላክ የቆመውን መሠዊያ ባየ ጊዜ ሕዝቡን አልሰደበም፤ ከዚያው ተነሥቶ ሰበከ።

እንግዲህ በቡሬ ገበያ ሙስሊሙ ጎረቤታችሁ ሚዛኑን አስቀምጦ ለጸሎት ሲነሣ ብታዩ፥ አትሣቁበት፤ እኛስ ዛሬ ጸልየናልን? ምንጩን ያወቀ ሰው የተጠማውን አይንቅም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።