ማስመሰልና ስሌት፦ በፖከር ጨዋታ መቼ እንወራረዳለን?



በዚህ አዳራሽ ስለ ቁማር መናገሬ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1944 ከኦስካር ሞርገንሽተርን ጋር ስለ ጨዋታዎች ንድፈ ሐሳብ ባሳተሙት መጽሐፍ ለፖከር ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል። በቼዝ ሁሉም ነገር በገሃድ ይታያል፤ በፖከር ግን ተጫዋቹ የያዘውን ይደብቃል፣ ያላየውን ይገምታል። ድርድርና ገበያም ከዚህ አይርቁም።

ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ደካማ ካርታ የያዘ ሰው ጠንካራ መስሎ መወራረድ ያለበት መቼ ነው? ይህን ድርጊት ተጫዋቾች «ብለፍ» ይሉታል። ብዙዎች የድፍረት ጉዳይ አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን የመጠን ጉዳይ ነው እላለሁ።

የመጨረሻው ካርታ ወጥቷል፣ ሁለት ተጫዋቾች ቀርተዋል፣ በጠረጴዛው መሃል 100 ብር አለ እንበል። እኔ 100 ብር አስይዛለሁ። ተጋጣሚዬ 200 ብር ለማግኘት 100 ብር መክፈል አለበት፤ ስለዚህ ከሦስት ጊዜ አንዱን ቢያሸንፍ ኪሳራ የለበትም። እንግዲህ ከሦስት ውርርዶቼ ሁለቱ በእውነተኛ ጥንካሬ፣ አንዱ በብለፍ ከሆነ፣ ቢከፍልም ካርታውን ቢጥልም ለእርሱ ያው ነው። ፈጽሞ ካላስመሰልሁ ሁልጊዜ ይጥላል፤ ጠንካራ ካርታዬም ፍሬ አያፈራም። አብዝቼ ካስመሰልሁ ደግሞ ሁልጊዜ እየከፈለ ያራቁተኛል።

ገደብ በሌለው ፖከር የውርርዱ መጠን ይህን ምጥጥን ይለውጣል። 50 ብር ካስያዝሁ ከአራት ውርርዶች አንዱ፣ 200 ብር ካስያዝሁ ደግሞ ከአምስቱ ሁለቱ ብለፍ ሊሆኑ ይችላሉ። ውርርዱ በገዘፈ ቁጥር የብለፍ ድርሻ ያድጋል፤ ግማሽ ላይ ግን አይደርስም።

በየትኛው ካርታ እናስመስል? ሃሮልድ ኩን እ.ኤ.አ. በ1950 በሦስት ካርታ ብቻ የሚካሄድ ፖከር አጥንቶ ነበር። በዚያ ጨዋታ ቀዳሚው ተጫዋች መካከለኛውን ካርታ ይዞ መወራረድ የለበትም፤ የሚከፍለው የሚበልጠው፣ የሚጥለውም የሚያንሰው ብቻ ነውና። ለብለፍ የሚመረጠው ያለ ውርርድ ተስፋ የሌለው ዝቅተኛው ካርታ ነው። ገና የሚወጣ ካርታ ሲኖር ግን ሊሻሻል የሚችለውን መምረጥ ይበጃል። አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አራት ካርታዎች ያሉት ተጫዋች፣ አንድ ካርታ ሲቀር፣ ካልታዩት 46 ካርታዎች 9ኙ ይጠቅሙታል፤ ይህም 20 በመቶ ገደማ ነው። ተጋጣሚው ቢጥል ያሸንፋል፤ ባይጥልም ተስፋ አለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ሁሉ ካርታውን መጣል የሚችል ተጋጣሚን ይጠይቃል። ምንም ቢሆን ከሚከፍል ሰው ፊት ማስመሰል ስጦታ ነው፤ ትክክለኛው የብለፍ መጠን ዜሮ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በፒትስበርግ «ሊብራተስ» የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በ20 ቀናት 120,000 ዙር ተጫውቶ አራት ባለሙያዎችን አሸነፈ። የማንንም ፊት አላነበበም፤ ልቡም አልመታም። ያስመሰለው ስሌቱ ስላዘዘው ብቻ ነው።

ታዲያ ይህን የሰማ ተማሪ ወደ ቁማር ቤት ይሂድ? አይሂድ። የሚዛናዊ ስልት ዋስትና ሌሎች እንዳይበዘብዙን ብቻ ነው። ቁማር ቤቱ ግን ከጨዋታው ድርሻውን ስለሚወስድ፣ እኩል ችሎታ ያላቸው ተጫዋቾች በረጅም ጊዜ ሁሉም ይከስራሉ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ሌላ ነው። ሲያስመስል ተይዞ የማያውቅ ተጫዋች ብልህ ሳይሆን ከሚገባው በታች ያስመሰለ ነው። የአንድ ውሳኔ ትክክለኛነት በአንድ ዙር ውጤት አይመዘንም፤ በትክክል ወስነን ልንሸነፍ፣ በስሕተት ወስነንም ልናሸንፍ እንችላለን። ሁለቱን መለየት የሚችል አእምሮ ከጠረጴዛው ውጭም ይጠቅማል።